ደርቆ የማይወጣ በርጩማ

ያለፉትን ሳምንታት ያላነበባችሁ አትሥጉ። እኔ ጎረቤት ነኝ፤ ከአጥሩ ጀምሬ አስገባችኋለሁ።

አማን ከተማ ላይ፣ ከእኔ ግቢ ቀጥሎ ያለው የጋሽ ይስሐቅ ቤት ነው። ጋሽ ይስሐቅ የቤንች ሰው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ቃላቸው እንደ ሚስማር ይገባል፤ ሳቃቸው ግን እንደ ሐምሌ ፀሐይ ነው፣ ብልጭ ይልና መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ልጃቸው ማራናታ ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ካለው የቡና ችግኝ ጣቢያ ትሠራለች፤ እሑድ ከመዘምራን ጋር ትቆማለች። ቆንጆ ናት ብል «አንቺ ደግሞ ማጋነን ትወጃለሽ» ትሉኛላችሁ። ብቻ እሷ ስታልፍ የሰፈራችን ባጃጆች ያለ ምክንያት ጥሩምባ ይነፋሉ።

ባስልኤል ደግሞ የሚዛን ልጅ ነው። አባቱ አስተማሪ ሆነው ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እናቱ ወይዘሮ ወለተሥላሴ የጽዋ ማኅበር የማይቀርባቸው ሴት ናቸው። ልጁ ቅርስ አጠባበቅ ተምሮ መጣ። ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ አሮጌ ነገር ማከም ነው ይላል። እኔም አንድ ቀን «እንግዲያው ባሌን ላምጣልህ» ብለው እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

በምን ተዋደዱ ካላችሁ፣ በነቀዝ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የየጎሳውን አሮጌ ዕቃ ሊመዘግብ ጋሽ ይስሐቅ ቤት መጣ። የጎሳቸው የዳኝነት በርጩማ እዚያ ይቀመጣል። ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር፣ ከጭስ ብዛት የጠቆረ ነው። ዘጠኝ ትውልድ ዳኝቶበታል ይባላል። ልጁ እግሩ ሥር ተንበርክኮ አጉሊ መነጽሩን ለማራናታ ሰጣትና ከቀዳዳው ጫፍ ላይ የምትንፏቀቅ አንዲት ትንሽ ነቀዝ አሳያት።

«ይህቺ ናት የምትበላባችሁ።»

«ታድያ ምን ይሻላታል?» አለች ማራናታ።

«አየር መንሳት። ላስቲክ ውስጥ አሽገን አየሩን እንወስድባታለን። መርዝ የለ፣ እሳት የለ፤ ታፍና ትሞታለች።»

«ጨካኝ!» አለችው እየሳቀች። ሌላው በአበባ ይጀምራል፣ የእኛ ሰው በነቀዝ ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ ተደብቀው ተዋደዱ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ምራታቸውን በተክሊል ነው የሚጠብቁት፤ ጋሽ ይስሐቅ ደግሞ ለሌላ ቤት አማኝ ልጅ ከሚሰጡ የቡና መሬታቸውን ቢሰጡ ይቀላቸዋል። ሁለቱ ልጆች ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ በዓይን ብቻ ያወሩ ነበር፤ በዓይን የሚወራ ነገር ደግሞ ሰፈር አይሰማም ብለው ያስባሉ፣ ምስኪኖች።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልግባ።

በርጩማው ተጠንቶ ዕድሜው እንዲታወቅ፣ ከነቀዙም እንዲድን ወደ ሚዛን ይሄዳል ተባለ። ጋሽ ይስሐቅ ፈቀዱ። «የአባቶቼ ታሪክ ነው እንጂ አምላኬ አይደለም፤ ይጠና» አሉ። ያን ሰሞን እናታቸው በጠና ታመው ተኝተው ነበር። አሮጊቷ ወደ ወንጌል የገቡት ከልጃቸው በኋላ ነው፤ እንዳመኑ አምነው ኖሩ፣ ግን የልጅነታቸው ሥርዓት ከልባቸው አልወጣም። ማራናታን ብቻዋን ጠርተው እጇን ያዙ።

«ደረቁን እንዳታስወጡት» አሏት። «ከቤት የሚወጣ የዳኝነት በርጩማ በቅቤ ይታሻል። ደርቆ ከወጣ ይሰነጠቃል፤ እሱ ሲሰነጠቅ ቤቱም ይሰነጠቃል። አንቺ አድርጊልኝ። አባትሽ እንዳይሰማ።»

ልጅቱ ምን ትበል? ለሚሞት ሰው እምቢ ይባላል? አባቷ ለጸሎት በወጡባቸው አመሻሾች ሁሉ ከቅቤው ማሰሮ እየዛቀች አሸችው፤ መቀመጫውን፣ እግሮቹን፣ የሥሩንም ጎድጓዳ። ደረቅ እንጨት ነውና ጠጣው፤ ማታ የቀባችው ጠዋት ላይ የለም። ጥቀርሻ የበላው እንጨት ሁልጊዜም ስለሚያብለጨልጭ ማንም አላስተዋለም።

ይህ የቅቤ ነገር ለሌላው ሰው ቀላል ነው። በጋሽ ይስሐቅ ቤት ግን የጥንቱን ዕቃ መቀባት ወደ ጥንቱ አምልኮ መመለስ ነው። የሽማግሌ ልጅ አደረገችው ከተባለ፣ እሷ ከመዘምራን ትወርዳለች፣ አባቷም ከሽማግሌነታቸው።

ባስልኤል ናሙና ሊወስድ መጣ። ቀጭን መብሻውን ከማውጣቱ በፊት እንደ ደንቡ ጠየቀ፦ «ጋሼ፣ ቀለም፣ ዘይት፣ መድኃኒት፣ ምንም ነገር ነክቶታል?»

ጋሽ ይስሐቅ ደረታቸውን ነፉ። «ይህ የወንጌል ቤት ነው! እኔ ሽማግሌ ከሆንኩ ወዲህ ቅባት የሚባል አልነካውም።»

ማራናታ ለእንግዳው ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ባስልኤል ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። ውሃው በብርጭቆው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አየ፤ ስለናፈቅኳት ነው ብሎ ደስ አለው። ወንዶች እንዲህ ናቸው፤ የሴት እጅ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ምክንያቱ እነሱ የሆኑ ይመስላቸዋል።

መብሻው በርጩማው ሥር ገባ። ጥቂት ብናኝ በትንሽ ጠርሙስ ታሸገ፣ ወደ ውጭ አገር ላብራቶሪ ተላከ። በርጩማውም ሚዛን ተወስዶ ላስቲክ ውስጥ ገባ። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ላስቲኩ ከእንጨቱ ላይ ተጣብቆ፣ አየር እንዳጣ ፊት። ወዲያው ወጣሁ። በዚያው ሳምንት አሮጊቷ ዐረፉ። ከቀብር ስንመለስ የጀመረው ዝናብ ወር ሙሉ አልተወንም፤ የማራናታም ፊት እንደ ሰማዩ ነበር። የቀባችው እንዳይደርቅ ነበር፤ ግን ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር መሰንጠቅ ጀምሯል።

ከዚያ ውጤቱ መጣ።

ባስልኤል እንዳስረዳኝ፣ ዛፍ በሕይወት ሳለ ከአየር የሚወስዳት አንዲት የካርቦን ዓይነት አለች። ከተቆረጠ በኋላ በየዘመኑ እየተመናመነች ትሄዳለች፤ የቀረችውን ለክቶ ዕድሜውን ማወቅ ነው። ታዲያ የበርጩማው ካርቦን «እኔ ወጣት ነኝ» አለ። የዘጠኝ ትውልድ አይደለም፣ የቅርብ ነው። በላብራቶሪው አስተያየት ይህ የጥንት ዕቃ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ ወሬው ከሚዛን እስከ ቱም ከተማ ደረሰ። ዋናውን ለቅርስ ነጋዴ ሽጠው በምትኩ አዲስ አስጠርበው አስቀመጡ ተባለ። ጋሽ ይስሐቅ የቤታቸውን ቆርቆሮ የቀየሩት ዘንድሮ ነውና ሰው ጣሪያውን እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ሰላምታ የሚሰጣቸው አነሰ። አንድ ቀን ፖሊስ በራቸው ላይ ቆሞ ሲያነጋግራቸው አየሁ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር። እኚያ ሰው ለማንም ባርኔጣ ሲያወልቁ አይቼ አላውቅም።

ማራናታና ባስልኤል የተገናኙት በማግስቱ፣ ባጃጅ ማቆሚያው አጠገብ ካለው የከድር ሱቅ በረንዳ ሥር ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እሱ ከስቷል።

«ማሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

«ጠይቅ።»

«አባትሽ… ሰው መጥቶባቸው ያውቃል? ገዢ?»

ልትነግረው ነበር የመጣችው። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፣ በኋላ እንዳለችኝ። ጥያቄውን ስትሰማ መልሳ ዋጠችው።

«አባቴ ሌባ ነው ብለህ ታምናለህ?»

«ማመን አይደለም ሥራዬ። የምለካውን ነው የማውቀው።»

«እኔንም ለክተኸኝ ነው እንግዲህ የወደድከኝ!»

«ማሪ፣ እንደዚያ አላልኩም!»

«ጎበዝ። ውጤቱ ላይ ፈርመህበታል አይደል? በርታ።» ዝናቡ ውስጥ ገባች። ጃንጥላዋን እጁ ላይ ትታው ነበር የሄደችው፤ እሱም ተከትሏት ወጥቶ ሳይዘረጋው ረጥቦ ቆመ። ከድር «ወንድሜ፣ ጃንጥላው ለምን ይመስልሃል?» ቢለው አልሰማውም።

ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳችም። ብትነግረው የሚጽፍ ሰው ነው፤ ከጻፈው ቤተ ክርስቲያኑ ይሰማል፤ ካልነገረችው አባቷ ይታሰራል። በሁለት ገደል መካከል የቆመ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። ሌሊቱን መብራቷ አይጠፋም ነበር።

አቶ ተካ የሚመሩት የቅርስ ኮሚቴ በሚዛን አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። እኔም ቤቱን የማውቅ ጎረቤት ተብዬ ለምስክርነት ተጠራሁ። ገብቼ ሳይ አዳራሹ ሙሉ ነው። ፊት ለፊት ረጅም ጠረጴዛ፣ በላዩ ላይ ከላስቲክ የወጣው በርጩማ፣ ከጠረጴዛው ጥግ አንድ ፖሊስ። ከቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌው ሲላስ መጥተዋል። ወይዘሮ ወለተሥላሴም ልጃቸው በአደባባይ ሲመሰገን ለማየት ነጠላቸውን አሳምረው ከፊት ተቀምጠዋል።

«ምንም ሽወዳ የለውም» አሉ አቶ ተካ። «ሳይንሱ ተናግሯል። ጋሽ ይስሐቅ፣ ዋናው በርጩማ የት ነው?»

«ከፊትህ ነው ያለው» አሉ ጋሽ ይስሐቅ።

«ይህ አዲስ ነው ተብሏል።»

«አባቴ ያስረከበኝ እሱን ነው። ሌላ አላውቅም።»

«ስለ ጣሪያዎ…»

«በቡናዬ ነው የሠራሁት!» ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ፖሊሱ ከወንበሩ ትንሽ ሲነሳ አየሁ። ይኸው ሊወስዷቸው ነው አልኩ።

«እኔ ቀብቼዋለሁ።»

ሁላችንም ዞርን። ማራናታ ከኋላ ቆማለች።

«ናሙናው ከመወሰዱ በፊት በቅቤ አሽቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ። ከላይም ከሥርም። አባቴ አያውቅም።»

ጋሽ ይስሐቅ አልዞሩም። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ብቻ ሲመታ ይታየኝ ነበር።

ሲላስ ቀስ ብለው ተነሱ። «ልጄ፣ ሰገድሽለት?»

«አልሰገድኩም።»

«ጸለይሽበት?»

«ጸለይኩ። ለአያቴ። ወደ ጌታ።»

«ይህ በሌላ ቀን፣ በቤታችን ይታያል» አሉና ተቀመጡ። አነጋገራቸው ለስላሳ ነበር፤ ለስላሳነቱ ነው ያስፈራኝ።

አቶ ተካ ግን ሳቁ። «ቅቤ! አባትን ለማዳን መልካም ዘዴ ነው። ለመሆኑ ቅቤ እንጨትን ወጣት ያደርጋል እንዴ? እንደዚያ ከሆነ እኛም እንቀባ!» ጥቂት ሰው ሳቀ። ወደ ባስልኤል ዞሩ። «ባለሙያው አንተ ነህ። ታምናታለህ?»

ባስልኤል ከጠረጴዛው ጥግ ገርጥቶ ቆሟል። ማራናታ አየችው። እንዲያ ያለ አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም፤ ልመና የለበትም፣ ተስፋ ብቻ ነበረበት። እሱ ዓይኑን ወደ መሬት አወረደ። ከንፈሯ ነጭ ሲሆን አየሁ። ካደኝ አለች በልቧ።

«ታምናታለህ ወይ ነው ያልኩህ!»

«እንዲህ ሊሆን ይችላል» አለ ባስልኤል፣ ድምፁ እየተሰበረ። «ቅቤው ዘንድሮ ሣር ከበላች ላም የወጣ ነው፤ ካርቦኑ የዘንድሮ ነው። እንጨቱ ከጠጣው የወጣቱና የአሮጌው ተደባልቆ ይለካል። ቅባት አለ ቢባል ላብራቶሪው ቅባት በሚያወጣ ፈሳሽ ያጥበው ነበር። ቅባት የለም ያልኩት እኔ ነኝ። የጠየቅሁት ጋሽ ይስሐቅን ብቻ ነው፤ የቤቱን ሴቶች አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይያዝልኝ።»

«እሺ፣ አሁን ፈትሸውና ንገረን።»

«እኔ ልፈትሸው አይገባም።»

«ለምን? ናሙናውን የወሰድከው አንተ! የፈረምከው አንተ!»

«ፈታሽ ውጤቱን መመኘት የለበትም። እኔ እውነት እንዲሆንላት እመኛለሁ።»

«ለምን ብለህ ነው የምትመኝላት?»

ባስልኤል ቀና አለ። የፈራ ሰው ጠረጴዛ ይይዛል፤ እሱ የያዘውን ለቀቀ።

«ስለምወዳት» አለ። «ማራናታን እወዳታለሁ። ስለዚህ እጄ አይታመንም። ትሁት ትፈትሸው፣ እኔ ከዚህ ሥራ ወጥቻለሁ።»

እኔ በዕድሜዬ ብዙ የፍቅር ቃል ሰምቻለሁ፤ ከሥራ ራስን በማውጣት የተነገረ ግን ያን ቀን ብቻ ነው። የማራናታ እጅ አፏ ላይ ሄደ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ «ማንን ነው ያለው?» ብለው ጎናቸው ያለችውን ሴት ጠየቁ፤ የሰሙትን እንደገና የሚያሰማቸው ፈልገው ሳይሆን፣ ሌላ ስም እንድትነግራቸው ነበር። «በስመ አብ» አሉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ትሁት የባስልኤል የሥራ ባልደረባ ናት፤ ቀጭን፣ ቁም ነገረኛ፣ ለማንም የማታዳላ ልጅ። ከበርጩማው ሥር ጥቂት ብናኝ ፋቀች። ለማነጻጸር ብላ ከአዳራሹ አሮጌ በርም ፋቀች። ሁለቱን በነጭ ወረቀት ላይ ለየብቻ አኑራ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በቀስታ አሞቀች። ማንም አላሳለም። ከዚያ ብናኙን አራግፋ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አነሳችው። በበሩ ብናኝ ቦታ ምንም የለም። በበርጩማው ቦታ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ እርጥበት ተዘርግቷል፤ እኛ ሴቶች ከርቀት ዐወቅነው፣ ዳቦ የተጠቀለለበትን ወረቀት ማን ያጣዋል?

«ቅባት አለው፣ ብዙ» አለች ትሁት። «ይህ ግን አሮጌ ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ውጤት አይታመንም ማለት ብቻ ነው። ዕድሜውን ለማወቅ እንደገና መብሳት፣ አጥቦ መላክ ያስፈልጋል። ያም በባለቤቱ ፈቃድ ነው።»

ፖሊሱ ተቀመጠ። አቶ ተካ ወረቀቶቻቸውን እየሰበሰቡ «እስከዚያ ነገሩ በእንጥልጥል ነው፤ ጋሽ ይስሐቅ ከአካባቢው እንዳይርቁ» አሉ። ሰው ድል እንደሚያይ ጠብቆ ነበር፤ ድል ግን የለም። እልል ያለ የለም። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ልጃቸውን ሳያዩት በአጠገቡ አልፈው ወጡ። ባስልኤል «እማዬ» አለ፤ ትከሻቸው ብቻ ሰማው።

ስብሰባው ሲበተን ጋሽ ይስሐቅ ከወንበራቸው አልተነሱም። ማራናታ ሄዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«አባዬ…»

«እናቴ ናት ያዘዘችሽ?»

«አዎ።»

«ለምን እኔን አልጠየቀችኝም?»

ማራናታ የወንበራቸውን እግር ያዘች።

«የምጠይቅሽ እንደ ሽማግሌ አይደለም። እንደ ልጇ ነው። ምን አለችሽ?»

«‘አባትሽ እንዳይሰማ’ አለችኝ።»

ጋሽ ይስሐቅ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ፤ ሲያወጡት አልሰማሁም። «አንዲት እፍኝ ቅቤ ነበር የፈለገችው» አሉ። «እሱን ልትጠይቀኝ ፈርታ ሞተች።»

በዕድሜዬ እኚህን ሰው ሲያለቅሱ አላየሁም፤ ያን ቀንም አላለቀሱም። ብቻ ፊታቸው ሰው እንደሌለበት ቤት ሆነ።

ቀና ሲሉ ባስልኤል ቆሞ አዩት። «አንተ ልጅ፣ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው፣ ጋሼ።»

«ሽማግሌ ለምን አልላክህም?»

«ፈርቼዎት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የሚያውቁትን እንደሰሙ። «አንተም» አሉ። «እንጨቱ እንደገና ይበሳ። ፈቅጃለሁ። ስለ ልጄ ግን ዛሬ አፍ የለኝም።»

ተነሱ። ሲላስ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ቢጠብቋቸው በእጃቸው ገፍተው ዝናቡ ውስጥ ብቻቸውን ገቡ። ልከተላቸው ተነስቼ ነበር። ጀርባቸውን ሳይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በረጅሙ ጠረጴዛ ወዲህና ወዲያ ሁለቱ ልጆች ቀሩ። ባስልኤል አንድ እርምጃ ሲራመድ ማራናታ እጇን አነሳች።

«አሁን አትምጣ።»

«ማሪ…»

«ከመጣህ አባቴን ብቻውን የተውኩት ይመስለኛል።»

«ካልመጣሁስ?»

«ካልመጣህ ደግሞ…» አለች፤ አልጨረሰችውም። አባቷ የወጡበትን በር አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና በሩን። ከእንግዲህ ማታ ተነስታ የምታስበው ውሸት የለም፣ የምትጠነቀቅለት ዓይን የለም። ፍቅሯንም ቅቤዋንም አገር ሰምቶታል። የምትደብቀው ነገር ሁሉ አልቆባት ነበር፤ እንደዚያች ደቂቃም ፈርታ አታውቅም።